የመጀመሪያው ማንኪያ አይቆጠርም

ቦንጋ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለምሥራቅ፤

ከሁሉ በፊት ልብሽን አሳርፊው። ዝማሬ ምንም የለባትም። ይህቺን መስመር ከሰላምታውም ያስቀደምኳት፣ ከእኛ ዘንድ ወረቀት በደረሰሽ ቁጥር ክፉ ወሬ ፍለጋ ቸኩለሽ እንደምታነቢ ስለማውቅ ነው። አሁን ደግሞ እንደ ወጉ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔም እናትሽም ደህና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ አላስቸገረንም፤ የጓሮው ቡና አበባውን አራግፎ ፍሬ ይዟል። እናትሽ ጉልበቴን ጉልበቴን ትላለች እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው።

እሑድ ስትደውዪ «ልጅሽ ደህና ናት፣ የተሳሳተው ፈተናው ነው» ብልሽ «አባዬ፣ ልታጽናናኝ ነው» ብለሽ አለቀስሽ። ከዚያ ኔትወርኩ ተቋረጠ። በስልክ ላስረዳሽ እንደማልችል ያን ጊዜ ገባኝ። አንደኛ፣ ዝማሬ ስልኩ ላይ ተለጥፋ ነው የምትሰማው። ሁለተኛ፣ እኔ ነገርን ከሥሩ ካልጀመርኩ መናገር አይሆንልኝም፤ የአንቺ የዕረፍት ሰዓት ደግሞ እሱን አይችለውም። የጎረቤታችን የባለሱቁ የሰላሐዲን እህት ሐሙስ ወደ ኩዌት ስለምትሄድ ይህን በእጇ ልኬልሻለሁ። የሁለተኛው ፈተና ውጤትም አብሮ ታጥፏል። አባቴ ሊያጽናናኝ ነው እንዳትዪ፣ ማኅተሙን እይው።

አንቺ የምታውቂው የነገሩን ግማሽ ነው። የመጀመሪያውን ውጤት በስልኳ ፎቶ አንስታ የላከችልሽ አስተማሪዋ የሺሃረግ ናት፤ ደንግጣ ነውና አልቀየምኳትም። በየካቲት ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ለመለየት ተብሎ ከሌላ ከተማ አንድ ቡድን መጣና ሦስተኛ ክፍልን በሙሉ በሁለት ቀን ፈትኖ ሄደ። አርባ ጥያቄ ነው። ፈታኙ ሥዕል ያሳያል ወይም ይጠይቃል፣ ሰዓት ይይዛል፣ ልጁ ይመልሳል። በመጋቢት ውጤቱ ሲመጣ የዝማሬ ከአርባው አሥራ ሁለት ሆነ። ከሥሩ «የመረዳት አቅሟ ከዕድሜዋ በሦስት ዓመት ያነሰ ነው» ይላል። ርዕሰ መምህሩ አስጠርቶኝ ለሚመጣው ዓመት ከጓደኞቿ ተለይታ ወደ ልዩው ክፍል እንድትዛወር ሐሳብ መቅረቡን ነገረኝ።

ያን ክፍል አልንቀውም። የሠፈራችን የአብርሃም ልጅ እዚያ ገብቶ ነው ስሙን መጻፍ የቻለው። ነገር ግን ቦታው ለሚያስፈልገው ልጅ ነው፤ እኔ ደግሞ ዝማሬን ሰባት ዓመት ሙሉ ከጎኔ አላጣኋትም። ወረቀቱን ደግሜ ደጋግሜ ሳነበው ስለ ሌላ ሰው ልጅ የተጻፈ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ አንቺ «ጥያት በመሄዴ ነው የጎዳኋት፣ ኮንትራቴን አቋርጬ እመጣለሁ» ብለሽ ስትደውዪ ምን እንደመለስኩልሽ እንኳ አላስታውስም። ሠላሳ አንድ ዓመት ቡና እየቀመስኩ በምላሴ እንጀራዬን የበላሁ ሰው፣ ያን ሰሞን የምጎርሰው ሁሉ አመድ ሆነብኝ። እናትሽ ሻዬ ውስጥ ጨው ጨምራ ሞክራኝ፣ ጠጥቼ ስኒውን እንደመለስኩላት በኋላ ነው የነገረችኝ።

ያባነነኝም ያው የቀድሞ ሥራዬ ነው። ልጅ ሆነሽ ቅምሻ ቤት ምሳ ስታመጪልኝ አይተሽናል፤ ቡናው በስኒ ተደርድሮ፣ በማንኪያ እየሳብን፣ እየተፋን፣ ነጥብ ስንሰጥ። ስኒው ላይ የቡናው አገር አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ ነው። አለቃችን ጋሽ ሀብተሥላሴ፣ ነፍሱን ይማረው፣ አንዱን ቡና በሁለት ቁጥር ሸሽጎ ያቀርብልን ነበር። ጠዋት ሰማንያ ሁለት የሰጠኸውን ከሰዓት በኋላ ሰባ ከሰጠኸው ጥፋቱ የምላስህ እንጂ የቡናው አይደለም፤ ያን ቀን ማንኪያህን አስቀምጠህ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ።

ይህ ብቻ አይደለም። አንድ ዓመት የቢታ ገነትን ቡና ሦስታችንም ቀማሾች «ይሸታል» ብለን ጣልነው። በማግስቱ ቀመስነው፣ ያው። በሦስተኛው ቀንም ያው። ሦስት ሰው ተስማምቶ፣ ሦስት ቀን ተደጋግሞ፣ ማን ይጠራጠራል? በዚያ ሳምንት ከሌላ አገር የመጣ ቡና ባለመኖሩ የምናነጻጽርበትም አልነበረንም። በኋላ ሲጣራ ውሃው የሚቀዳበት ጀሪካን የናፍጣ ኖሯል። ሦስት ቀን ሙሉ በአንድ ድምፅ ስንመሰክር የሰነበትነው በናፍጣው ላይ ነበር። ባለ ቡናውን ገበሬ ይቅርታ ለመጠየቅ እስከ ቢታ ድረስ በጭቃ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ያን መንገድ ጉልበቴ እስካሁን አልረሳውም።

እናም አንድ ቀን ጠዋት አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ራሴን ጠየቅሁ። ልጄን የቀመሷት ስንት ጊዜ ነው? የቀመሱትስ እሷን ነው ወይስ ጀሪካኑን? ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁ። እናትሽ «የት ነው?» ብትለኝ «ሥራ» አልኳት። ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው።

ማዕረግ የምትባል ሥነ ልቦና ያጠናች ወጣት አለች፣ ከደብረ ብርሃን ተመድባ መጥታ እዚህ የምታስተምር። ቅሬታ ያለው ወላጅ ወደ እሷ እንዲሄድ ተነግሮን ነበር፤ የሄድኩት ግን እኔ ብቻ ነኝ። ቢሮዋ ገብቼ ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁት።

«ልጄ፣ ይህቺን ሕፃን ስንት ጊዜ ነው የፈተናችኋት?»

«ፈታኞቹ ሌሎች ናቸው፣ ጋሽ ከፈለኝ። ግን እንደማየው አንድ ጊዜ ነው።»

«አንድ ማንኪያ ቀምሶ አንድ ጆንያ ቡና የሚጥል ሰው እኛ ቤት አያድርም ነበር» አልኳት።

ትቀየማለች ብዬ ነበር። እሷ ግን እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ስለ ቅምሻው ከመጀመሪያው እንድነግራት ለመነችኝ። የጀሪካኑ ታሪክ ላይ ስደርስ ከሳቋ ብዛት መነጽሯን አወለቀች። ከዚያ ኮስተር ብላ፣ በእነሱም ትምህርት ይኸው ነገር እንዳለ አስረዳችኝ። ፈተና ዛሬም ነገም፣ በእኔም በሌላ ሰውም እጅ ያንኑ ውጤት ከሰጠ አስተማማኝ ይባላል አለች። ግን ያ ብቻውን አይበቃም፤ ለካሁ የሚለውን ነገር ራሱን መለካቱ ደግሞ ለብቻው መጣራት አለበት።

«ይሄ ፈተና እዚህ አገር ልጆች ላይ ተጣርቶ ያውቃል?» አልኳት።

ወረቀቱን አገላበጠችው። «ወረቀቱ ላይ አላየሁም» አለች በመጨረሻ። «እጠይቃለሁ። ካልተጣራ እኔ አጣራዋለሁ።»

ነገ ፈትኛት ብላት እምቢ አለችኝ። ልጅቷ ጥያቄዎቹን ገና አልረሳችም፣ መልስ የምትሰጠን ከማስታወስ ይሆናል፣ ጊዜ ይለፈው አለች። እኔ ሌላውን ሰው ታገሥ ስል የኖርኩ ሰው፣ እነዚያን ሳምንታት እንዴት እንዳለፍኳቸው እናትሽን ጠይቂያት። እስከዚያው ማዕረግ ሥራዋን ቀጠለች። የሺሃረግ በትምህርታቸው ጎበዝና ደካማ መሆናቸውን አጣርታ ከምታውቃቸው ልጆች ሃያውን መርጣ፣ የክፍል ውጤታቸውን ከፈተናው ጋር አስተያየችው። ወላጆቻቸው ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ፣ ቤታቸው አማርኛ የሚነገር ልጆች በፈተናው ከላይ ናቸው። ቤታቸው የአገሬው ቋንቋ ካፊኖኖ የሚነገር ልጆች፣ ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣዋ ሳትቀር፣ ከታች ተደርድረዋል። ከሥዕሎቹ መሀል ሊፍት አለበት፤ ቦንጋ ውስጥ ሊፍት ያየ ልጅ ካለ ንገሪኝ።

ጀሪካኑ ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ። ነገር ግን ዝማሬ አማርኛውንም ከእኔ ጋር አሳምራ ስለምትናገር፣ አሥራ ሁለት ለማግኘቷ ቋንቋው ብቻ ምክንያት አይሆንም አለችኝ ማዕረግ። ሌላ ነገር አለ።

ያ ሌላው ነገር የተገኘው ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ነው። ማዕረግ ራሷ፣ ካፊኖኖ የሚናገረውን የዋጫ ተወላጅ መምህር ወንድማገኝን አጠገቧ አድርጋ ዝማሬን አዲስ ፈተነቻት። ሁለቱ አንዱ የሌላውን ሳያይ ለየብቻ ነጥብ እንዲይዙ ተስማሙ። እኔ ትንፍሽ ላልል ቃል ገብቼ በሩ አጠገብ እንደ ጆንያ ተቀመጥኩ። ሰዓቱን መሳቢያ ውስጥ ስትከተው አይቻለሁ።

የመጀመሪያው ሥዕል ዣንጥላ ነው። ምን ይጎድለዋል? ከእኔ ቦታ እንኳ እጀታው እንደሌለ ይታያል። ዝማሬ አየችው። ዓይኗን ጨፈነች፣ የሆነ ነገር እንደሚውጥ ሰው ጉሮሮዋ ተንቀሳቀሰ፣ ዓይኗን ገልጣ እንደገና አየችው። እኔ ወንበሬን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። «እጀታ የለውም» አለች። ሁለተኛውንም እንዲሁ፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ። ታያለች፣ ትጨፍናለች፣ ትውጣለች፣ ታያለች፣ ትመልሳለች። መልሱ ሁሉ ልክ ነው።

ማዕረግ ካርዱን አስቀመጠችና «ዝማሬ፣ ገና ስታዪው አውቀሽው አልነበር?» አለቻት።

«አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ያኔውኑ አልተናገርሽም?»

«የመጀመሪያው ማንኪያ አይቆጠርማ።»

«እንዲህ ያለሽ ማን ነው?»

ልጅሽ በጣቷ ወደ በሩ አመለከተች።

ምሥራቅ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። አንቺ የማታውቂው ጨዋታ አለን። ከአራት ዓመቷ ጀምሮ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የማንኪራን፣ የቢታንና የዋጫን ማር በሦስት ማንኪያ አቀርብላታለሁ፤ ዓይኗን ጨፍና የየት እንደሆነ ትነግረኛለች። ሕጉ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ማንኪያ አፍን ለማጠብ ነው፣ አይቆጠርም፤ ከሁለተኛው በፊት የተናገረ ተሸነፈ። ሁለተኛው ሕግ፣ ያልቀመሱትን አይመሰክሩም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እያልኩ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ምላሷን ሳሠለጥን ኮርቼ ነበር። ስድስት ዓመቷ ላይ ከእኔ እኩል ሆነች። በየካቲት እነዚያ ሰዎች ሰዓት ይዘው ሲቀርቡባት ያደረገችው ይህንኑ ነው። እሷ ሁለተኛውን ማንኪያ ስትጠብቅ እነሱ ስኒውን አነሱባትና «መልስ የለም» ብለው ጻፉ። አሥራ ዘጠኝ ቦታ ላይ።

ማዕረግ ስታየኝ አንገቴን ደፋሁ። «ጋሽ ከፈለኝ፣ አይዘኑ» አለችኝ። «ፈተናው የእርስዎን አስተዳደግ ነው የለካው። እሱን ግን በደንብ አድርጎ ለክቶታል።» ወንድማገኝ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔም ሳቅሁ፣ ሳላስበው ግን እንባዬ መጣ። የደስታ ነው። ከመጋቢት ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር ተነሣልኝ።

ውጤቱን ወረቀቱ ላይ ታዪዋለሽ። ማዕረግ ሠላሳ ስድስት፣ ወንድማገኝ ሠላሳ አምስት። ዝማሬ ከክፍሏ አትነቃነቅም፤ ርዕሰ መምህሩ ራሱ በፊርማው አረጋግጧል። ያ ፈተናም በዚህ አገር ልጆች ላይ በወጉ እስኪጣራ ድረስ ተከድኖ እንዲቀመጥ ማዕረግ ሪፖርት ጽፋለች። ሌሎቹም ልጆች እንደገና ይታያሉ።

ቤት ገብቼ ለእናትሽ ስነግራት እልል ትላለች ብዬ ነበር። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችኝ። «አንተ ሰውዬ! ዝም አይነቅዝም፣ ዝም አይነቅዝም እያልክ የልጅቷን አፍ ለጉመህ እኔን ሁለት ወር አስለቀስከኝ?» አለች። ከዚያ ገብታ ዶሮ አሳረደች፣ በሥራ ቀን። ያን ዕለት ስበላ ጣዕሙ ሁሉ ተመለሰልኝ። ጨው በዝቶበት ነበር፤ አልነገርኳትም።

ለዝማሬም ሕጉን አሻሽያለሁ። ሰዓት የያዘ ሰው ፊት ስትቀርቢ ቶሎ መናገር ይፈቀዳል አልኳት። አሰበችና «ማር ላይስ?» አለችኝ። ማር ላይ ሕጉ አይለወጥም።

ስለዚህ ልጄ፣ ጎዳኋት የሚለውን ነገር ከዛሬ ጀምሮ ተዪው። አልጎዳሻትም። ባልሽ ባረፈ ማግሥት፣ ሁለት ዓመት ያልሞላትን ልጅ እቅፌ ላይ አስቀምጠሽ ስትሄጂ ምን ዓይነት ፊት እንደነበረሽ እኔ አይቻለሁ። መሄድሽ ያመጣባት የአእምሮ ጉድለት የለም፤ ጉድለቱ ራሱ የለም። ኮንትራትሽን አታቋርጪ፣ የምትጦሪያቸውንም አሮጊት በመሀል ጥለሽ አትምጪ። በሰላም ጨርሺ።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ልዘጋው ነበር። እናትሽ «ያችን ነገር ጻፍክላት?» ብላ ስትጠይቀኝ አልጻፍኩም አልኳት። «እንግዲያው ግማሹን ነው የጻፍከው» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ከአርባዎቹ አንዷ፣ አሥራ ሰባተኛዋ፣ በሁለቱም ፈተና ዜሮ ናት። ጥያቄዋ ቀላል ናት፦ «ውጭ ስትጫወቺ እናትሽ ከቤት ሆና ስምሽን ብትጠራ ምን ብለሽ ትመልሻለሽ?» መልሱ «አቤት» ነው። አያቷ በቀን ሃያ ጊዜ ትጠራታለች፣ ሃያ ጊዜ አቤት ትላለች። ያን ቀን ግን ዝማሬ ጥያቄውን ሰማች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ገለጠች፣ ዝም አለች። ማዕረግ ጠበቀቻት። ወንድማገኝ በካፊኖኖ ደገመላት። ዝም።

«አታውቂውም?» አለቻት ማዕረግ ቀስ ብላ።

«ከቤት ሆና ጠርታኝ አታውቅም» አለች ልጅሽ። «ያልቀመሱትን አይመሰክሩም።»

አላለቀሰችም። አላዘነችም። ሕጉን ነበር የነገረቻቸው። ወንድማገኝ ቀና ብሎ አላየም። ማዕረግ እርሳሷን ይዛ ወደ እኔ ዞረችና «ጋሽ ከፈለኝ፣ ይህቺን ላርማት? ልጅቷ መልሱን እንደምታውቀው ሁላችንም እናውቃለን» አለችኝ። ትንፍሽ አልልም ያልኩትን ቃል ያፈረስኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ተዪው» አልኳት። ዜሮው እንዳለ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ታገኚዋለሽ።

ምሥራቅዬ፣ ኮንትራትሽ በጥቅምት ያልቃል። ሦስት ጊዜ ስታድሺ አንድ ቀን ተዪ ብዬሽ አላውቅም፤ ለእኛ ብለሽ እንደሆነ ስለማውቅ ነው። አሁን ግን አትፈርሚ። እኛ የሚበቃን አለን። ስትመጪ ለዝማሬ አንነግራትም፤ ተማሪ ቤት ሳለች ሰላሐዲን በመኪናው ቤት ያደርስሻል። እናትሽ አጠገብ ቁጭ ብለሽ ጠብቂ። የግቢው በር ሲንኳኳ፣ ቦርሳዋን አውርዳ ከቡናው ሥር ከውሻው ጋር መጫወት ስትጀምር፣ አትውጪላት። ከቤት ሆነሽ ስሟን ጥሪው።

በመጀመሪያው ጥሪ ዝም ብትል አትደንግጪ። የመጀመሪያው አይቆጠርም። ድገሚው።

የጠበቀሽ አምላክ የቀሩትን ወራት ያቅልልልሽ፤ የምትጦሪያቸውን ሴት ጤና ይስጥልን፤ እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ። እናትሽ ታንጉት ጉንጭሽን ስማሻለች። ዝማሬ ለማን እንደምጽፍ ጠይቃኝ፣ ለጥቅምት ነው ብያታለሁ።

አባትሽ
ከፈለኝ